የሞተር ሳይክል ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ፦ አተካከሉና የብልሽት ፍለጋው ቅደም ተከተል

መግቢያ

ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል በብዙ ጥገና ቤቶች በቅድሚያ የሚጠረጠረው «ሲ.ዲ.አይ.» እየተባለ የሚጠራው የኤሌክትሮኒክ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ የማይታይ በመሆኑ ጥርጣሬው ያለ ልኬት ወደ ግዢ ያመራል። አዲሱ ሣጥን ተገጥሞም ሞተሩ ካልተነሳ፣ የዕለት ገቢውን በሞተር ሳይክሉ ላይ የመሠረተው ባለንብረት ገንዘቡንም የሥራ ቀኑንም ያጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሣጥኑ በመጀመሪያ ሳይሆን በመጨረሻ መጠርጠር ያለበት ለምን እንደሆነ ከአሠራሩ በመነሣት ማሳየት ነው። ትኩረቱም ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡራተር ሞተሮች ላይ ነው።

የሥርዓቱ አሠራር

በቀድሞው ሥርዓት የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ያቋርጥ የነበረው በሜካኒካዊ መንገድ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት መገናኛ ነው። መገናኛው እየተበላና እየተቃጠለ ስለሚሄድ በየጊዜው መስተካከል ነበረበት። ይህን በኤሌክትሮኒክስ ከተኩት ቀደምት ሞተር ሳይክሎች አንዱ ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ ያቀረበው ኤች1 ነው።

በሲ.ዲ.አይ. ሥርዓት ቮላኖው ሲዞር መግነጢሶቹ በኃይል አመንጪው ጥቅል ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ። ይህ ኃይል በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ቮልት ድረስ ይሞላዋል። የቮላኖው ጉብታ በምልክት ሰጪው ጥቅል፣ ማለትም በፒክአፑ ፊት ሲያልፍ አነስተኛ ምልክት ይወለዳል፤ ምልክቱ ታይሪስተሩን ይከፍታል፤ ካፓሲተሩም ክምችቱን በቅጽበት ወደ ቦቢናው ያፈሳል። ቦቢናው ቮልቴጁን ወደ አሥር ሺዎች አሳድጎ ለካንዴላው ያደርሳል። ኃይሉን ከባትሪ የሚያገኙ ሣጥኖችም አሉ። የሁለቱ ዓይነቶች ሶኬት ሊመሳሰል ቢችልም የውስጥ ሽቦ አቀማመጣቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካት ሣጥኑን ሊያቃጥል ይችላል።

አተካከል

በአተካከል ወቅት ሦስት ነገሮች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው የማሳ ግንኙነት ነው፤ የቦቢናው ማሰሪያ የሚያርፍበት ብረት ከቀለምና ከዝገት መጽዳት አለበት። ሁለተኛው በፒክአፑና በጉብታው መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ በአምራቹ መመሪያ መሠረት በስስ መለኪያ ይስተካከላል። ክፍተቱ ሲሰፋ ምልክቱ ስለሚዳከም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ብልጭታ ይጠፋል።

ሦስተኛው የማቀጣጠያ ጊዜ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ክራንክ ሻፍቱ በአንድ ሺኛ ሰከንድ 9 ዲግሪ ይሄዳል፤ በ6,000 ዙር ደግሞ 36 ዲግሪ። ነዳጁ ተቀጣጥሎ ለመጠናቀቅ ጊዜ ስለሚፈልግ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት መነሣት ይኖርበታል፤ ፍጥነቱ ሲጨምርም እንዲሁ ይቀድማል። ስፋቱ 100 ሚሊሜትር በሆነ ቮላኖ ዙሪያ አንድ ዲግሪ 0.87 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ዙሪያ ላይ የተቀመጠ ፒክአፕ በ2 ሚሊሜትር ቢዛነፍ ከ2 ዲግሪ በላይ ስሕተት ያስከትላል። ማረጋገጫው ሞተሩ እየሠራ በስትሮብ መብራት ሲታይ በቮላኖው ላይ ያለው «ኤፍ» ምልክት በመመሪያው በተገለጸው ፍጥነት ከሽፋኑ ምልክት ጋር መግጠሙ ነው።

የብልሽት ፍለጋ

ፍተሻው ከቀላሉና ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል። በቅድሚያ ካንዴላው ወጥቶ ይታያል። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ምክንያቱ የነዳጅ ብዛት ሊሆን ይችላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ሥፍራ የተስተካከለ ካርቡራተር ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይሰጣል። ይህ የማቀጣጠያ ብልሽት አይደለም።

ቀጥሎ ብልጭታው ይፈተሻል። ካንዴላው ከማሳ ጋር ተያይዞ፣ ከሲሊንደሩ ቀዳዳና ከነዳጅ ርቆ መያዝ አለበት፤ ሽቦውን ክፍት ትቶ ሞተሩን መምታት ቦቢናውንና ሣጥኑን ይጎዳል። በአየር ላይ የታየ ደካማ ብልጭታ አስተማማኝ ምስክር አይደለም፤ በሲሊንደር ውስጥ የታመቀው አየር የበለጠ ቮልቴጅ ይጠይቃልና። በመሆኑም ወደ 6 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት ባለው መፈተሻ መሞከር የተሻለ ነው።

ብልጭታ ከሌለ የማጥፊያው ሽቦ ከሣጥኑ ይነቀላል። ኃይሉን ከቮላኖው ጥቅል በሚያገኘው ሥርዓት ሞተሩ የሚጠፋው ይህ ሽቦ ከማሳ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ስለዚህ ተፍቆ ሻንሲውን የነካ ሽቦ የተቃጠለ ሣጥን ይመስላል። ሽቦው ተነቅሎ ብልጭታው ከተመለሰ ጥፋቱ በማብሪያ ማጥፊያው ወይም በሽቦው ላይ ነው። በባትሪ በሚሠራው ዓይነት ግን ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ያህል ወደ ሣጥኑ መድረሱ ይለካል።

ከዚያ የጥቅሎቹና የቦቢናው ተቃውሞ በቴስተር ተለክቶ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይነጻጸራል። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ልኬቱ በሙቀቱ ሳለ ይደገማል። የመዳብ ተቃውሞ በየዲግሪ ሴልሺየሱ 0.39 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በ20 ዲግሪ 200 ኦም ያሳየ ጥቅል በ100 ዲግሪ 262 ኦም ገደማ ቢያሳይ ጤናማ ነው፤ ንባቱ ድንገት ወሰን የለሽ ቢሆን ግን ሽቦው በሙቀት ይበጠሳል ማለት ነው።

ጠንካራ ብልጭታ እያለ ሞተሩ ወደ ኋላ የሚመታ ከሆነ፣ ቮላኖውን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የምታያይዘው ትንሽ የብረት ቁልፍ መቆረጥ አለመቆረጧ ይታያል። ብትቆረጥ ጊዜው ይዛነፋል እንጂ ብልጭታው አይጠፋም።

ማጠቃለያ

ሲ.ዲ.አይ. ሣጥን በቴስተር ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ አይመረመርም፤ ጥፋተኛነቱ የሚታወቀው ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ነፃ ሲወጡና፣ ደህና መሆኑ በተረጋገጠ ተመሳሳይ ሣጥን ሲተካ ችግሩ ሲወገድ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ሣጥን መግጠምም አዲሱን ለዚያው ጥፋት ሊያጋልጥ ይችላል። ከላይ የቀረቡት ፍተሻዎች አብዛኞቹ ከአንድ ቴስተርና ከአንድ የብልጭታ መፈተሻ የበለጠ መሣሪያ አይሹም፤ በመሆኑም በአነስተኛ ጥገና ቤት ሳይቀር ግዢን ሊቀድሙ ይገባል።