ልጅ ሲታመም ቤተሰቡም ይታመማል

የአእምሮ ሕመም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በገበያ መካከል ብቻውን እየተናገረ የሚሄደው ጐልማሳ ነው። ሕፃንም በአእምሮው ይታመማል ቢባል «ልጅ ደግሞ ምን አሳብ አለበት?» እንላለን። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት 14 ዓመት ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልጆችንና ቤተሰባቸውን የሚረዱ የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ምን እንደሚሠሩ እንመለከታለን።

እኛ የእጃጂ ወጣቶች ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርነውም። ተማሪዎች ሳለን አንድ የክፍላችን ልጅ በሚጥል በሽታ ወደቀ። አረፋ ሲደፍቅ ባየን ጊዜ፥ «አረፋው የነካውን ይይዛል» ሲባል ሰምተን ስለ ነበር ሁላችንም ሸሸን። አንድ ትልቅ ልጅ ብቻ ቀርቦ ክብሪት ጫረና ጢሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእርሱ ጋር በአንድ ዴስክ የሚቀመጥ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ተወ። ያስተወነው እኛ ነን ብንል ሐሰት አይሆንም።

በአካባቢያችን በኦሮምኛ ጋጋብዶ የሚባለው ይህ በሽታ በመሠረቱ የአንጐል በሽታ ነው፤ በአገራችን ግን ብዙውን ጊዜ የሚታከመው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። በልጆች ላይ መነሻው በምጥ ጊዜ መታፈን፥ ማጅራት ገትር፥ አንጐልን የነካ ወባ ወይም የራስ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ የማይታወቅበትም ጊዜ ብዙ ነው። በምራቅም ሆነ በአረፋ አይተላለፍም። ክብሪቱም ምንም አይረዳም፤ መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ስለሚቆም ክብሪቱ ያዳነ ይመስላል። የሚገባው ልጁን ከእሳትና ከውኃ አርቆ በጐኑ ማስተኛት፥ ከራሱ ሥር ጋቢ ማድረግ፥ ጥርሱን ለመፈልቀቅ አለመሞከር፥ ከ5 ደቂቃ ካለፈም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። በምድጃ አጠገብ ለሚውል ልጅ ከመውደቁ ይልቅ ቃጠሎው የባሰ ነው።

ሠራተኛው ልጁን ብቻ አያነጋግርም። እናቲቱን በምትችለው ቋንቋ፥ ምጡ እንዴት ነበር፥ ልጁ መቼ ተቀመጠ፥ መቼ ቃል አወጣ፥ ሲወድቅ ዓይኑ ወዴት ይዞራል እያለ ይጠይቃል። ከዚያ አባቱን፥ አያቱን፥ መምህሩን ያነጋግራል። ብዙ እናቶች «የእኔ ኃጢአት ነው» ወይም «ቡዳ በልቶት ነው» ብለው ስለሚመጡ፥ ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ማስረዳት ከክኒኑ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው። በአግባቡ ከታከሙ ከመቶ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን «ተሻለው» ብሎ በድንገት ማቋረጥ ብርቱ አደጋ አለው።

በኦቲዝም ረገድ የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሥራ ሊጠቀስ ይገባል። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለ ነበረበት በ2002 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ2021 እስካረፉም ድረስ ልጆቹ ከጓዳ እንዲወጡ ደከሙ። ይህን የጀመረችው እናት እንጂ ሐኪም አለመሆኗ ያስገርመናል።

በጥንቱ ጊዜ የአገሩ ሁሉ ተስፋ የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። በ1987 (እ.ኤ.አ.) የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ስለ ተጀመረ አገልግሎቱ ወደ ክፍላተ ሀገር መውጣት ቻለ። በ2003 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። የልጆች ሐኪሞች ግን ዛሬም እጅግ ጥቂት ናቸው። ከእጃጂ ተነሥቶ በጌዶና በአምቦ አድርጎ አዲስ አበባ መድረስ፥ የታመመ ልጅ ለታቀፈች እናት፥ የመኪና ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ከቤት የቀሩት ልጆችና የእርሻው ሥራም አሉ።

ባለፈው ክረምት ይቅርታ ልንጠይቅ ወደዚያ ጓደኛችን ቤት ሄድን። ክኒን ጀምሯል። እናቱ ቡና አፍልተው ከተቀበሉን በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ጸበል ስወስደው ክኒኑን ላቁመው ወይ?» ብለው ጠየቁን። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መናገራቸውን አስታውሰን ነገርናቸው፤ ነርሱንም አብረን ጠየቅን። ነርሱም «ጸበሉ አይከለከልም፥ ክኒኑ ግን አንድ ቀንም አይታለፍ» አላቸው። አሁን በየማታው ራት ሲቀርብ ይሰጡታል። አባቱ ገና አላመኑም። እርሱ ግን በመስከረም ለመመዝገብ አስቧል፤ አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥም ጠይቆናል።