የሙዚቃ መቆራረጥ በቤት ውስጥ ገመድ አልባ መረብ፦ መንስኤውና መፍትሔው

በኮምፒውተር የተከማቸ ሙዚቃ በዋይፋይ ሲተላለፍ የሚቆራረጠው በመረቡ ፍጥነት ማነስ ይመስላል። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። ያልታመቀ የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ለናሙናው 16 ቢት፣ በሁለት የድምፅ መስመር ሲባዛ 1.41 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የ11 ሜጋቢት ዋይፋይ እንኳ ይህን ይሸከማል።

ዋናው ችግር የመረጃ እሽጎች በተስተካከለ ጊዜ አለመድረሳቸው ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ የጎረቤት መረቦችና የማይክሮዌቭ ምድጃ ሞገዱን ሲያውኩ የጠፉት እሽጎች እንደገና ይላካሉ፤ ሙዚቃው ግን አይጠብቅም። የማጫወቻው ጊዜያዊ ማከማቻ አንድ ሜጋባይት ቢሆን 5.7 ሰከንድ ያህል ድምፅ ስለሚይዝ አጫጭር መስተጓጎሎችን ይሸፍናል።

ኮምፒውተሩም ማጫወቻውም በዋይፋይ ሲገናኙ እያንዳንዱ እሽግ በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ማገናኘት ይገባል።