የጓሮ አትክልት ስለ ምን ይበላሻል?

በአዲስ አበባ ትንሽ ጓሮ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ሳይተክል አይቀርም። ብዙዎች ግን በሁለተኛው ዓመት ይተዉታል፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም «መሬቱ አይሆንም» ይላሉ። መሬቱ ብዙ ጊዜ ያለ በደሉ ነው የሚከሰሰው።

እኔም ከከሳሾቹ አንዱ ነበርሁ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት እትዬ፣ የወጥ ወጪያቸው እንዲቀንስ ብለው ጓሯቸውን ሰጡኝ፤ የችግኙንም ዋጋ ከጡረታ አበላቸው ከፈሉ። እኔም ውሃ ከማመላለስ ዳንሁ ብዬ በሐምሌ መጀመሪያ ቲማቲም ተከልሁ። በነሐሴ ቅጠሉ ጠቆረ፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ መደቡ በሙሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት መሰለ። እትዬ «ዓይን በልቶት ይሆናል» አሉ እንጂ አልተቈጡኝም። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓይን ግን አልነበረም። የበሽታው ምክንያት በሳይንስ ስሙ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል፤ ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ታላቁን ረሀብ ያስከተለው ይኸው ነው። ረቂቅ ዘሩ በነፋስ ይበናል፤ ቅጠል ላይ አርፎ የሚበቅለው ግን ቅጠሉ ለብዙ ሰዓት ሳይደርቅ ሲቆይና አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ይህን ሁሉ አሟልቶ ይሰጠዋል። ቲማቲምና ድንች ዘመዳሞች ስለሆኑ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። ስለዚህ ቲማቲም የሚተከለው ከመስቀል ወዲያ ዝናቡ ሲቆም ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርድም ስለሚጎዳው ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ሲጠጣ ውሃው ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይፍሰስ። የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል ነው፤ ከብስባሽ ጋር መጣል በሽታውን ማኖር ይሆናል። ለክረምቱ የሐበሻ ጎመን አለልን።

ሁለተኛው ስሕተት በደግነት የሚሠራ ነው። ማታ ማታ ጥቂት ጥቂት ውሃ የሚረጭ ሰው የአፈሩን ፊት ብቻ ያርሳል፤ ሥሩም ውሃውን ፍለጋ ወደ ላይ ይቀራል፤ ባለቤቱ ሁለት ቀን የቀረ እንደ ሆነ ተክሉ ይጠወልጋል። ጣት ሰድዶ አፈሩን መመርመር፣ ሲደርቅም ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይበልጣል። አፈሩ መረሬ ከሆነ ደግሞ እርጥብ ሳለ አይቈፈር፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል። መደቡን ከፍ አድርጎ ለውሃው መውረጃ ማበጀት ያስፈልጋል።

ጥሬ ፍግ ሥርን ያቃጥላል፤ ሰላጣ በተተከለበት ላይ ከሆነም የአንጀት ትል ወደ ማዕድ ሊያመጣ ይችላል። ጥቂት ወራት ክምር ሆኖ መብላላት አለበት። ስለ ዘር ባጭሩ፦ ከውፍረቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ በላይ ጠልቆ አይቀበር፤ ካሮት ደግሞ እዚያው ተዘርቶ ይሳሳል እንጂ ተነቅሎ ሲዛወር ሥሩ ይሰነጠቃል።

እትዬ አመድ ሁሉን ያበጃል ይላሉ። አመድ ፖታሽና ኖራ መሰል ነገር አለውና እፍኝ ሁለት እፍኝ አይጎዳም፤ ሲበዛ ግን የድንቹን ልጣጭ ቅርፊታም ያደርገዋል። በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማማንም።