ድንኳን ጭናችሁ ከናይሮቢ ለምትወጡ፦ ማሳሰቢያ

ናይሮቢ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ካምፒንግ እየተለመደ መጥቷል። ድሮ በዓል ሲደርስ ኢስሊ ወይም ሀርሊንግሃም ዘመድ ቤት ተሰብስቦ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ማምሸት ነበር። አሁን ፕራዶው ላይ ድንኳን፣ ምድጃ፣ ጀበናና የውሃ ጄሪካን ተጭኖ ጎህ ሳይቀድ ወደ ማጋዲ፣ ወደ አምቦሴሊ ወይም ወደ ሄልስ ጌት መውጣት መጣ። ደግ አደረግን። ችግሩ ፎር ባይ ፎር የያዘ ሰው የማይገባበት ቦታ ያለ አይመስለውም። «መኪናው ይወጣዋል» እና «ይፈቀዳል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ያጠነጥናል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ከመነሳታችሁ በፊት

ክፍያውን ቤታችሁ ሆናችሁ ጨርሱ። የኬንያ ዱር እንስሳት አገልግሎት በሚያስተዳድራቸው ፓርኮች በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ በኢ-ሲቲዝን ገብታችሁ በኤምፔሳ ትከፍላላችሁ። በነዋሪ ዋጋ የሚገባ ሰው መታወቂያውን ይያዝ። ረስቶ መጥቶ ከዘበኛው ጋር መጨቃጨቅ ከኋላ የተሰለፈውን ሁሉ ማጉላላት ነው።

ዝናቡን በሀገር ቤት ልማድ አትቁጠሩ። የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ሚያዝያ ላይ ይውላል፤ ኬንያ ውስጥ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የትልቁ ዝናብ ወቅት ነው። ስለዚህ ሁላችንም ለመውጣት የምንጣደፍበት በዓል መንገዱ ከሁሉ የሚከፋበት ሰሞን ነው። ለገናና ለእንቁጣጣሽ ያን ያህል አያሰጋም።

በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አትትከሉ። እዚህ «ላጋ» የሚሉት አሸዋማ የወንዝ መውረጃ ሲያዩት ከየትኛውም ቦታ በላይ ያማልላል፦ ሜዳው ለጥ ያለ፣ አሸዋው ለመኝታ የሚመች፣ ዳርና ዳሩ ጥላ። ነገር ግን ዝናቡ የሚዘንበው እናንተ ካላችሁበት ሩቅ ተራራ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውሃው ይደርሳል። በ2012 እና በ2019 በሄልስ ጌት ገደል ውስጥ የነበሩ ሰዎችን ደራሽ ጎርፍ ወስዷል። በ2024 በትልቁ ዝናብ ወቅት ማሳይ ማራ ውስጥ የታሌክ ወንዝ ሞልቶ ካምፖችን ስላጥለቀለቀ ጎብኚዎች በሄሊኮፕተር ጭምር ወጥተዋል። ደለል፣ የተጋደመ ግንድ ወይም ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣር ካያችሁ ውሃው እስከዚያ ከፍታ እንደሚደርስ ዕወቁ።

ብቻችሁን አትሂዱ። ቢያንስ ሁለት መኪና ሁኑ፤ የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱም ናይሮቢ ለሚቀር ሰው ንገሩ። ከማጋዲ ወዲያ ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም።

አሸዋና ጭቃ ላይ

የጎማውን አየር ቀንሱ። ለአስፋልት 32 ወይም 35 ፒኤስአይ የነበረውን ወደ 20 ገደማ አውርዱት። ጎማው ሰፋ ብሎ ስለሚረግጥ አሸዋውን አይቆፍርም። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሳትቆሙ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ተጓዙ፤ መሪውን በድንገት አትጠምዝዙ፣ ፍሬንም አታስጨንቁ። ጎማው በቦታው መዞር ከጀመረ ነዳጅ መስጠቱን አቁሙ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን፦ ሾፌሩ እልህ ይዞት ሲረግጥ ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ በመጨረሻ መኪናው በሆዱ ይተኛል። ወርዳችሁ አሸዋውን ከጎማው ኋላ በአካፋ ጥረጉና ቀስ ብላችሁ ወደመጣችሁበት ተመለሱ። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ ስለሚሰምጥ ከሥሩ የምትደረግ ጠፍጣፋ ጣውላ አትርሱ።

ካቦ ስትጎትቱ ተጎታች የሚታሰርባት የብረት ኳስ ላይ አትሰሩ፤ ተነቅላ ከተወረወረች ሰው ትገድላለች። ካቦው ሲወጠር ማንም አጠገቡ አይቁም። «ቪዲዮ ልቅረጽ» ብሎ የሚጠጋውን ወንድማችንንም አርቁልን።

ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ችግሩ አሸዋ ሳይሆን መረሬ ነው። በበጋ የቤት መኪና የሚያልፍበት መንገድ አንድ ማታ ከዘነበ ፕራዶ ይይዛል። መንገዱ ጨቅይቷል ብላችሁ በሣሩ ላይ አትዙሩ፤ እናንተ በአንድ መስመር ታልፋላችሁ፣ የሚቀጥለው በሌላ፣ በሳምንቱ አምስት መኪና የሚያሳልፍ የጭቃ ሜዳ ይሆናል። ተመለሱና በሌላ መንገድ ግቡ።

የደረቀ የሐይቅ ወለል ላይ አትፈንጩ። አምቦሴሊ ስትደርሱ ያ ነጭ፣ ሰፊ፣ ባዶ ሜዳ ዛር ያስነሳል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ከላይ ያለው ስስ የአፈር ቅርፊት ነው አቧራውን ይዞ ያቆመው፤ የሣሩን ዘርም የሚያቅፈው እሱው ነው። ጎማ ከሰበረው በኋላ የቀረውን ነፋስ ይጨርሰዋል፣ አሻራውም ለረጅም ጊዜ ይኖራል። በፓርኮቹ ውስጥ ከመንገድ ወጥቶ መንዳት ክልክል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ዘበኞቹ ደስታችንን ጠልተው አይደለም።

የማጋዲ ሐይቅ ላይ መኪና አታስገቡ። ከናይሮቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሶዳ የሚመረትበት ይህ ሐይቅ በደረቁ ወራት ከላይ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ይመስላል። ሥሩ ግን የሶዳ ጭቃና ጨው ውሃ ነው፤ አብያታ ዳር ጫማው የተዋጠበት ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። በተሠራው የድልድይ መንገድ ብቻ ተሻገሩ። በሐይቁ ዳር ያለውን የፍል ውሃ ሙቀት በእጃችሁ ሳታረጋግጡ ልጅ አታስገቡ። እዚያ ውስጥ የሚዋኙት ትንንሽ ቲላፒያዎች ከ40 ዲግሪ በላይ የሚችሉ ናቸው፤ እኛ አይደለንም። ፍላሚንጎዎቹን ለፎቶ ብላችሁ በሩጫ አታስነሱ። ድሮን ያለ ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ማብረር ደግሞ በመላ ኬንያ ያስቀጣል።

እሳት፣ ቡናና ሥጋ

ይህን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው በተለይ ለእኛ ለሐበሾች ነው፤ ቡና ያለ ከሰል አይሆንልንምና።

ፍሙን በአሸዋ አትቅበሩ። ሦስተኛው ተጠጥቶ ጀበናው ሲነሳ ምድጃው አሸዋ ላይ ይገለበጣል፣ አንዱ በእግሩ አሸዋ ያለብሰዋል፣ ሁሉም «ጠፋ» ብሎ ይሄዳል። አልጠፋም። አሸዋው ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ፍሙ ከሥር ለሰዓታት ይቆያል፣ ከላይ ግን የሚታይ ነገር የለም። ማለዳ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን የሚያገኘው እሱን ነው፤ የእናንተ ልጅ ባይሆን በማግስቱ የሚያርፈው ሰው ልጅ ይሆናል። ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፤ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት ካልተሰማችሁ ያን ጊዜ ጠፍቷል። አመዱን በቆርቆሮ ይዛችሁ ተመለሱ።

እንጨት አትቁረጡ፣ የወደቀውንም አትልቀሙ። ከሰሉን ወይም ጋዙን ከቤት ያዙ። የምትነዱት እሳት በተፈቀደው የማንደጃ ቦታ ብቻ ይሁን፤ እሳት ትቶ መተኛት ፈጽሞ ነውር ነው።

ጥሬ ሥጋ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። ቁርጡም ክትፎውም ማታውኑ ይበላ፤ የተረፈው በሚከደን ሳጥን መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ጅብ ከሩቅ ይሸተዋል፤ ዝንጀሮ ደግሞ ዚፕ መክፈት ያውቃል። ዳቦ አትወርውሩለት፤ የለመደ ዝንጀሮ ቀጥሎ የመጣውን ሰው ይነክሳል። የድንኳኑን በር ሌሊቱን ሙሉ ዝጉ፤ ከፓርክ ውጪ ብታድሩም እንኳ። የናይሮቢ ፓርክ በደቡብ በኩል አጥር የለውም፤ በሚያዝያ 2025 ከፓርኩ አጠገብ ካለ ግቢ የ14 ዓመት ልጅ በአንበሳ ተወስዳ ሞታለች።

ፌስታልና ሃይላንድ አታስገቡ። ፌስታል ከኦገስት 2017 ጀምሮ በመላ ኬንያ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት ይደርሳል። ከጁን 2020 ወዲህ ደግሞ አንዴ የሚጣል የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሳህን፣ ብርጭቆና ስትሮ ወደ ፓርኮች ማስገባት አይቻልም። እንጀራው በሰፌድ ወይም በጨርቅ፣ ውሃው በጄሪካን ይሁን። ቀላል ነው፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት ኖረዋል።

ፓርክ ውስጥ

ፍጥነት ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ። ከእንስሳ 20 ሜትር ራቁ፣ መንገድ አትዝጉ፣ ክላክስ አትንፉ፣ ከተፈቀደው ቦታ ውጪ አትውረዱ። በ2025 በማሳይ ማራ ጎብኚዎች ከመኪና ወርደው የሚሻገረውን መንጋ መንገድ ሲዘጉ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል፤ ከዚያ ተርታ እንዳትገኙ። ለአዳር ያልተመዘገበ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይውጣ። ወረቀቱ ላይ 6 ተብሎ ይጻፋል፤ ዘበኛው በስዋሂሊ ሲነግራችሁ ግን ልክ እንደኛ 12 ነው የሚለው፣ አትደናገሩ። ሌሊት መንዳት የለም። ውሻችሁን ቤት ተዉት።

ኦሎርጌሳይሊ ለምታድሩ፦ ወደ ማጋዲ መንገድ ላይ ያለውን ይህን ስፍራ የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ያስተዳድሩታል። መሬት ላይ ተበትኖ የምታዩት ድንጋይ ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰው የጠረበው መጥረቢያ ሊሆን ይችላል። አታንሱ፣ ለልጅም መጫወቻ አትስጡ።

ባለቤት ያለው መሬት

ፓርክ ያልሆነ ቦታ ሁሉ ባዶ አይደለም። ከማጋዲ ወዲያ ያለው የኦልኪራማቲያንና የሾምፖሌ መሬት የማሳዮች የጋራ ግጦሽ ነው። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ሽማግሌ ፈልጉና ጠይቁ፤ ክፍያ ካለ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከብት ሲሻገር ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ። ከብት በሚጠጣበት ውሃ ውስጥ መኪና አትጠቡ። ሰውን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ ወሎ ወይም ቦረና ገጠር ውስጥ የማታደርጉትን እዚህም አታድርጉት። ሙዚቃውም ቢሆን ማታ ይቀነስ፤ የኛን ዘፈን ሾምፖሌ ሁሉ የመስማት ግዴታ የለበትም።

ለመጸዳጃ ከውሃና ከካምፕ ራቅ ብላችሁ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩና መልሳችሁ ቅበሩ። ወረቀቱን ከቆሻሻው ጋር ይዛችሁ ተመለሱ።

ወደ ቤት ስትነሱ ጎማውን መልሳችሁ ንፉ። ማጋዲ በ600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ኪሰሪያን የሚያወጣው ዳገት ረጅም ነው፣ ሙቀቱም ብርቱ። 20 ላይ የተተወ ጎማ በአስፋልት ፍጥነት ይግልና ይፈነዳል። መንፊያ የሌለው ሰው ማጋዲ ከተማ ጎሚስታ ፈልጎ ያስነፋ፤ ስኮርታውንም እግረ መንገዱን ያስፈትሽ።