መጠጥን ለመተው ከየት እንጀምር?

የጤና ትምህርት

ገበሬ ወገኖች!

ማታ ከማሳ ሲመለሱ አንድ መለኪያ አረቄ ማንሣት በብዙ መንደር የተለመደ ነው። አንዱ “ብርዱን ላባርር ነው” ይላል። ሌላው “ድካሜን ልርሳ ብዬ ነው” ይላል። አንዱ መለኪያ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም አራት ይሆናል። ውሎ አድሮ ሰውየው ሳይጠጣ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ጠዋትም ሳይቀምስ እጁ ሞፈር አይጨብጥም።

ከእናንተ መካከል “እኔስ ልተወው እፈልግ ነበር፤ ግን ከየት ልጀምር?” የሚል ይኖራል። የዛሬው ትምህርት ለእርሱ ነው። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

1. የምንጠጣው ስንት ነው?

በጠላ፣ በጠጅ፣ በቢራና በአረቄ ውስጥ የሚያሰክረው ነገር አንድ ነው። ስሙም አልኮል ይባላል። የሚለያየው መጠኑ ነው። ጠላ እንደ አጠማመቁ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ያህል አልኮል ይኖረዋል። ጠጅ ከመቶ ከ7 እስከ 14 እጅ ይደርሳል። ዳግም አረቄ ግን ከመቶ 45 እጅ ያህል አልኮል ነው።

“እኔ አረቄ አልነካም፤ ጠላ ብቻ ነው የምጠጣው” የሚል ሰው አለ። እስቲ እናስተያይ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ጠላና አንድ ትንሽ መለኪያ ዳግም አረቄ በአልኮል መጠናቸው ይቀራረባሉ። ስለዚህ ስድስት ጣሳ ጠላ የጠጣ ሰው አምስት ወይም ስድስት መለኪያ አረቄ እንደ ጠጣ ይቆጠር።

አልኮልን ከደም የሚያጠራው ጉበት ነው። ጉበት ደግሞ እንደ ጥንድ በሬ ነው፤ ከአቅሙ በላይ አይጎትትም። የአንዱን መለኪያ አልኮል ለማጥራት ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሦስት መለኪያ የጠጣ ሰው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ አልኮሉ ከደሙ አልጠራም ማለት ነው። ቡና ቢጠጣ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠብ ጉበቱን አያፈጥነውም።

ብርድ ያባርራል የሚባለውም ስሕተት ነው። አልኮል ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ለጊዜው ሙቀት የተሰማን ይመስለናል። በእውነቱ ግን የሰውነታችን ሙቀት ወደ ውጭ እየወጣ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል።

2. ሒሳቡን እንሥራ

ደብተርና እርሳስ አምጡ። የአንድ መለኪያ ዋጋ በመንደራችሁ ስንት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ለሒሳቡ ያህል 20 ብር ነው እንበል።

በቀን 3 መለኪያ፦ 3 × 20 = 60 ብር
በወር፦ 60 × 30 = 1,800 ብር
በዓመት፦ 60 × 365 = 21,900 ብር

አሁን 20ውን አጥፉና የመንደራችሁን ዋጋ አስገቡ። የመጣው ቁጥር የስንት ማዳበሪያ፣ የስንት ምርጥ ዘር፣ የስንት ልጅ ደብተርና ልብስ እንደሆነ ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ለጓደኛ የተጋበዘውን፣ ሰክሮ የጠፋውን ገንዘብና ሳይታረስ የዋለውን ቀን ገና አልጨመርንም።

3. በድንገት ማቆም መቼ አደገኛ ይሆናል?

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። የሰው ሕይወት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

አልፎ አልፎ የሚጠጣ ሰው ዛሬውኑ ቢያቆም ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን ሰውነቱ አልኮሉን ለምዶታል። በአንድ ጊዜ ሲከለከል ይታወካል። ካቆመ ከ6 ሰዓት ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። በአንዳንዱ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች የሚጥል ነገር ይመጣል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ የሌለ ድምፅ ይሰማል። ይህ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

በመንደር እንዲህ ሲሆን “ጋኔን ያዘው” ወይም “ምትሐት ነው” ይባላል። እንዲያ አይደለም። በሽታው የሚታወቅ ነው፤ መድኃኒትም አለው።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱ ያለበት ሰው በራሱ ብቻ አያቁም፤ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሀ. ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፤
ለ. ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቆም ጥሎት ወይም ቃዥቶ የሚያውቅ፤
ሐ. የሚጥል በሽታ፣ የጉበት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፤
መ. ነፍሰ ጡር የሆነች።

ባለሙያው መርምሮ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ያዝዛል። ብዙ የሚጠጣ ሰው በደንብ ስለማይበላ ይህ ቫይታሚን ያንሰዋል። መድኃኒቱን ከጎረቤት ተውሶ ወይም ከገበያ ገዝቶ መዋጥ አይገባም። ባለሙያ እስኪያየውም ድረስ ሰውየው መጠጡን በድንገት አይቁረጥ።

ሰው ቢጥለው ክብሪት አታሽትቱት። በአፉ ማንኪያ ወይም ውኃ አትጨምሩ። ከእሳትና ከድንጋይ አርቃችሁ በጎኑ አስተኙትና ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

4. የመጀመሪያው እርምጃ

አንደኛ፦ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጠጥን ለምን እንደምትተዉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። “ልጄ ስገባ እንዳትሸሸኝ” ብሎ የጻፈ ሰው መጀመሪያውን አግኝቷል።

ሁለተኛ፦ ለአንድ ሳምንት ለጠጣችሁት ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ ጭረት አድርጉ። አትዋሹ፤ ደብተሩ የራሳችሁ ነው። ከጭረቱ አጠገብ ከማን ጋር፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ መጠጡ የሚመጣበትን መንገድ ታዩታላችሁ።

ሦስተኛ፦ የሚተዉበትን ቀን ቁረጡ። የሠርግ ሰሞን ወይም የገበያ ቀን አይሁን። አንዳንዱ በንስሐ አባቱ ወይም በሽማግሌ ፊት ቃል ይገባል። ቃሉ ልብን ያጠነክራል። ሰውነት ግን የራሱ ጊዜ ስላለው በክፍል 3 የተነገረውን አትርሱ።

አራተኛ፦ በቤት ያለውን አረቄ አስወጡ። ማታ ማታ ይጠጣበት የነበረውን ሰዓት በሌላ ሥራ ሙሉት። ራት ቀደም ይበል፤ የበላ ሰው አምሮቱ ይቀንስለታል። ውኃ ጠጡ። አምሮቱ ሲነሣ ተነሥታችሁ ከብት እዩ፣ አጥር ጠግኑ። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቆይቶ ይበርዳል።

አንድ ቀን ቢሳሳቱስ? አንድ ትልም ቢጠምም ገበሬ በሬውን ፈትቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። ቀጣዩን ትልም ያቀናል። እናንተም ጭረቱን ጻፉና በማግሥቱ ቀጥሉ።

5. በደቦና በማኅበር ቀን

ፈተናው የሚከብደው እዚህ ነው። በደቦ፣ በሰንበቴ፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ “በሞቴ አንዲት ብቻ!” የሚል አይጠፋም። መልሱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። “ሐኪም ከልክሎኛል” ወይም “ቃል ገብቻለሁ፤ አታስጥሱኝ” ማለት ይበቃል። ረጅም ክርክር አትግጠሙ። እጃችሁ ባዶ እንዳይሆን ሻይ፣ ቡና ወይም በዕለቱ የተበጠበጠ ብርዝ ያዙ። ብርዝ ካደረ ግን ይፈላና ወደ ጠጅ ያደላል።

ደቦ የጠራ አባወራም ለማይጠጣው ሰው የሚሆን ነገር ያዘጋጅ። እምቢ ያለን ሰው ማስገደድ ክብር አይደለም።

6. የቤተሰብና የማኅበር ድርሻ

እናት ወይም ሚስት አረቄ አውጥታ ቤቱን የምታስተዳድርበት ጊዜ አለ። “ባል ይተው፤ ሚስት ትሽጥ” ቢባል አይሆንም፤ አረቄው ከጓዳ እየሸተተ መተው ይከብዳል። “ነገውኑ ተይ” ብሎ መፍረድም ልጆችን ማስራብ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ በዶሮ እርባታ፣ በጓሮ አትክልት ወይም በቁጠባ ሌላ ገቢ እንድታገኝ ይምከርበት።

ልጆችን አረቄ ገዝታችሁ አምጡ ብሎ መላክም ይቅር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል።

መጠጥ የሚተውን ሰው አትሳለቁበት። “የት ይደርሳል ብለህ ነው?” አትበሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አብረው ቢጀምሩ ይበልጥ ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

አዳዲስ ቃላት

አልኮል፦ በመጠጥ ውስጥ ያለ የሚያሰክር ነገር
አምሮት፦ ብርቱ ፍላጎት
ቫይታሚን፦ ሰውነት ጥቂቱን ብቻ የሚፈልገው፣ ከምግብ የሚገኝ ጠቃሚ ነገር

ጥያቄዎች

1. ጠላ ብቻ የሚጠጣ ሰው አልኮል አይጠጣም ማለት ይቻላል? ለምን?
2. መጠጥ በድንገት ከማቆማቸው በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለባቸው እነማን ናቸው?
3. ሰው ቢጥለው ምን ታደርጋላችሁ? የማይደረገውስ ምንድን ነው?
4. አንድ ሰው በቀን 2 መለኪያ ቢጠጣና አንዱ 25 ብር ቢሆን በ30 ቀን ስንት ብር ያወጣል?
5. የሚከተለውን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ጨርሱት፦ “እኔ መጠጥን የምተወው …”