ጨጓራን የሚጠብቀው ቅባት እና ኸምር



ከሰሞኑ ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ መጠጡን ትቼ ተውበት አድርጌያለሁ፤ ጨጓራዬ ግን አልተወኝም» አለኝ። ለወራት ቅዳሜ ማታ ይጠጣ፣ እሁድ ጠዋት ራሱን ሲያመው በባዶ ሆዱ አይቡፕሮፌን ይውጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆርሞን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እጢ ተነስቶ በደም ይጓዛል። ፕሮስታግላንዲን ግን ሴሎች ከራሳቸው ሽፋን ቅባት ቆርጠው የሚሠሩት፣ እዚያው አካባቢ ሠርቶ ቶሎ የሚጠፋ መልእክተኛ ነው። (ስሙ በስህተት የወጣ ነው። በ1930ዎቹ ስዊድናዊው ኡልፍ ቮን ኦይለር በዘር ፈሳሽ ውስጥ አግኝቶት ከፕሮስቴት እጢ የመጣ መስሎት ነበር፤ ኋላ በመላው ሰውነት ተገኘ።) በተጎዳ ቦታ ሕመምና እብጠት ያመጣል። ጨጓራ ውስጥ ግን ጠባቂ ነው፤ ግድግዳውን ከአሲድ የሚከልለው ዝልግልግ ሽፋን እንዲመነጭ፣ ደምም እንዲደርሰው ያደርጋል።

አልኮል ይህን ግድግዳ በቀጥታ ይልጠዋል። ያን ጊዜ ጨጓራ ለመጠገን ፕሮስታግላንዲን ይፈልጋል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደግሞ የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በመከልከል ነው፤ ይህን ጆን ቬን በ1971 አሳይቶ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። እንግዲህ ወንድማችን ማታ ግድግዳውን አቁስሎ፣ ጠዋት ጠጋኙን ያባርር ነበር። መድማት የሚመጣው እንዲህ ነው። «ፓራሲታሞልስ?» ትሉ ይሆናል። እሱም አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ጉበት አደጋ አለው። ጉበቱ አልኮሉን በማቃጠል ተጠምዶ ቅባቱን ሳያቃጥል ስለሚያከማች ቀድሞውንም ተጎድቷል።

ኸምር ሐራም የሆነው ግን በፕሮስታግላንዲን ምክንያት አይደለም። ጨጓራ የማይነካ መጠጥ ነገ ቢሠራ ሐራምነቱ አይነሳም። አል‑በቀራ 219 ላይ አላህ ጥቅም እንዳለው እንኳ አልካደም፤ ኃጢአቱ እንደሚበልጥ ነው የነገረን። ስለዚህ «ትንሽ ለልብ ይጠቅማል» የሚል ጓደኛ ሲገጥማችሁ አትደንግጡ።

ልጁን የጎዳው ሌላም ነገር አለ። ክሊኒክ ሄዶ ነበር፤ «ስሜ ሙሐመድ ሆኖ እንዴት እጠጣለሁ እላለሁ?» ብሎ መጠጣቱን ደበቀ። ሐኪሙም ሳያውቅ ሌላ ማስታገሻ ጨመረለት። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስታወካችሁ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፤ የጠጣችሁትንም የዋጣችሁትንም ሳትደብቁ ተናገሩ።

ትናንት አብረን ሄድን። በራሱ አንደበት ነገራቸው።