ስለ ሥራና ስለ ሥራ መደብ ልዩነት

ሥራ፥ የሥራ መደብ፥ ሠራተኛ የሚባሉት ሦስት ነገሮች በአንድ መዝገብ ላይ ተከታትለው ስለሚጻፉ ለብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ናቸው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሹም በጀት ተይዞለት ሳለ ገበሬውን ያለ ረዳት ያስቀረዋል፤ ጥፋቱም ከወዴት እንደ መጣ ሳያውቀው ይኖራል። ስለዚህ ሠራተኛ ለማስተዳደር የተሾመ ሰው አስቀድሞ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ሥራ ማለት የተግባር ዓይነት ነው። በልዩ ልዩ ስፍራ ቢሠራም፥ ተግባሩና ኃላፊነቱ የሚሻውም ዕውቀት ተመሳሳይ የሆነ ሁሉ አንድ ሥራ ይባላል። የሥራ መደብ ማለት ግን ለአንድ ሰው ብቻ የተወሰነ ስፍራ ነው፤ ይኸውም ቦታው ተለይቶ፥ የቅርብ አለቃው ታውቆ፥ ደመወዙ ተመድቦለት የሚቆም ነው። ሠራተኛ ደግሞ በዚያ መደብ ላይ ተቀጥሮ ተግባሩን የሚፈጽመው ሰው ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የሥራ መደብን ሲተረጕም፥ ሥልጣን ባለው አካል ለአንድ ሠራተኛ የሚሰጥ ተግባርና ኃላፊነት መሆኑን አመልክቷል።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጣል። 20 ቀበሌዎች ያሉት አንድ ወረዳ ይታሰብ። በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች ይመደባሉ እንበል፤ አንዱ ለሰብል፥ አንዱ ለእንስሳት፥ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ። በዚህ ወረዳ ሥራው ስንት ነው? ሦስት ነው። መደቡስ ስንት ነው? 60 ነው። በ52ቱ መደብ ላይ ሰው ቢኖር ሠራተኛው 52፥ ባዶው መደብ 8 ይሆናል። እንግዲህ ሹሙ «የሰብል ሥራ በወረዳችን አለ» ብሎ ቢጽፍ ሐሰት አልጻፈም። ነገር ግን ከ8ቱ ባዶ መደቦች 5ቱ የሰብል ቢሆኑ፥ በአምስት ቀበሌ ያለ ገበሬ ስለ ዘሩ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ሥራው አለ፤ መደቡም አለ፤ የታጣው ሰው ነው።

ይህ ልዩነት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ገበዝ ሲያርፍ ግብዝናው ከደብሩ እንደማይጠፋ፥ ሌላም ገበዝ እንደሚሾም ሁሉም ያውቃል። ደግሞም ለመንግሥት አገልጋይ በደመወዝ ፈንታ መሬት ይሰጥ በነበረበት ዘመን ማደሪያ የሚባል ነበረ። ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፥ ማደሪያ ግን ባለ አገልግሎቱ በአገልግሎቱ እስካለ ድረስ የሚበላው ነበረ እንጂ የራሱ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዐት አስቀርቶታል፤ ምሳሌነቱ ግን ይጠቅማል። የሥራ መደብ ማደሪያ ነው እንጂ ርስት አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም መደብን እንደ ርስት ከማየት የመጣ ክፉ ምክር ነው።

ሦስቱን ካለመለየት የሚመጡ ስሕተቶች ብዙዎች ናቸው፤ ዋኖቹ ግን አራት ናቸው።

አንደኛው፥ ሰው ሲለቅ ተግባሩ እንደ ቀረ መቍጠር ነው። ሠራተኛው ቢሄድም የቀበሌው ማሳ በስፍራው አለ።

ሁለተኛው፥ ሰውን ከነመደቡ ማዛወር ነው። አንድ ሠራተኛ ከሩቅ ቀበሌ ወደ ከተማ ሲዛወር መደቡም ተከትሎት ከመጣ፥ ያ ቀበሌ ሰው ብቻ ሳይሆን ሰው የሚቀጠርበትንም ስፍራ አጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው፥ ባዶ መደብ ላይ የተገኘውን ሰው ማስቀመጥ ነው። የእንስሳት ትምህርት የተማረውን በሰብል መደብ ላይ ማስቀመጥ መዝገቡን ይሞላዋል፤ ማሳውን ግን አይሞላውም።

አራተኛው፥ የመደቡን ተግባር ሲጽፉ ያለውን ሰው መጻፍ ነው። አንድ የሰብል ሠራተኛ በራሱ ትጋት ንብ ማነብ ቢያውቅ ይመስገን፤ ነገር ግን ይህ ችሎታው እንደ መደቡ ግዴታ ሆኖ ቢጻፍ፥ እርሱ በለቀቀ ጊዜ ሁለቱን የሚያውቅ ተተኪ ሲፈለግ መደቡ ባዶውን ይከርማል።

የባዶ መደብ ጕዳት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በማሳ ላይ ግን ትልቅ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2003 ዓ.ም. መኸር በአገራችን የስንዴ ማሳ ላይ ቢጫ ዋግ በተነሣ ጊዜ፥ በብዙ ስፍራ ተዘርቶ የነበረው ቁብሳ የተባለው ዘር በሽታውን መቋቋም አልቻለም። ዋግ በነፋስ የሚሄድ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም የሚጠቅመው ቶሎ ሲረጭ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ገልጦ አይቶ በጊዜው የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። የቅጥር ደብዳቤ እስኪፈረም ዋግ አይጠብቅም።

እንግዲህ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አራት ዓምድ ያለው መዝገብ ይያዝ። በፊተኛው ዓምድ የሥራው ስም፥ በሁለተኛው የመደቡ ቍጥርና ቀበሌው፥ በሦስተኛው የሠራተኛው ስም፥ በአራተኛው መደቡ ባዶ ከሆነ ባዶ የሆነበት ቀን ይጻፍ። ሠራተኛ ሲለቅ ስሙ ብቻ ይሰረዝ እንጂ የመደቡ መሥመር አይሰረዝ። ደግሞ አንድ ሥራ በሁሉ ስፍራ አንድ ቢሆንም፥ በደጋ ያለው መደብ ስለ ገብስና ስለ ስንዴ፥ በቈላ ያለው ስለ ማሽላ የሚጨነቅ ስለ ሆነ፥ የየመደቡ ዝርዝር ተግባር እንደየአገሩ ጠባይ ይጻፍ።

ሹሙ በየወሩ አራተኛውን ዓምድ አስቀድሞ ይመልከት። በዚያ የተጻፈው ቀን በረዘመ ቍጥር፥ ረዳት ያጣ ገበሬ በዚያ ቀበሌ መኖሩን ይወቅ።